አሸዋው ለስላሳ ነበር



አምስት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን ከድሬዳዋ፣ ሁለታችን ከደሴ፣ አንዳችን ከጅማ፣ ታላቃችን ደግሞ ከአዲስ አበባ ነን። አሁን የምንኖረው አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ ነው። ይህን የምንጽፈው ሽርሽራችንን ለማሳየት አይደለም። አንድ ሌሊት አንድ ወንድማችንን ሳንሰማው ልንቀር ነበር። ያንን ለመናገር ነው። ከመለጠፋችን በፊት እርሱ አንብቦታል፣ ፈቅዶልናልም።

ላስ ቬጋስ ሐበሻ ብዙ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል የሚያጸዳው፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚደረድረው ብዙ ነው። እኛም ከእነርሱው ነን። ከተማው ሌሊትና ቀን የለውም። መብራቱ አይጠፋም፣ ሰው አይተኛም። አንድ ቀን ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂዱ ግቢ ቆመን ስናወራ ታላቃችን ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «ኮከብ ካየን ስንት ጊዜያችን ነው?» አለ። ማናችንም መልስ አልነበረንም። ሰማዩ ብርቱካንማ ነበር። ጉዞው የተጀመረው ከዚያች ጥያቄ ነው።

ገንዘብ አልነበረንም። ሆቴል መያዝ፣ የታጠረና የተከለለ የድንኳን ቦታ መከራየት አንችልም ነበር። ኋላ ግን አንዳችን የሥራ ባልደረባውን ጠይቆ መጣ። ለካ በምዕራብ አሜሪካ አብዛኛው በረሃ የመንግሥት መሬት ነው። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ብቻውን ወደ 245 ሚሊዮን ኤከር ያስተዳድራል። ይህ ወደ አንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከአገራችን ስፋት ብዙ የማያንስ ማለት ነው። በአብዛኛው በዚህ መሬት ላይ ማንም ሰው ድንኳኑን ተክሎ፣ ሳይከፍል፣ በአንድ ቦታ እስከ 14 ቀን ማደር ይችላል። መጸዳጃ ቤት የለም፣ ቧንቧ የለም፣ መብራት የለም፣ ጠባቂ የለም። የመጣኸውን ይዘህ ትመጣለህ፤ የያዝከውን ይዘህ ትመለሳለህ።

«ነጻ» የምትለዋ ቃል ደስ አሰኘችን። ነጻ ነገር ዋጋው ምን እንደሆነ የገባን ግን ቆይቶ ነው።

የመረጥነው በዩታ ክፍለ ግዛት ደቡብ የሚገኘውን ግራንድ ስቴርኬዝ ኤስካላንቴ የሚባለውን ጥብቅ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ያወጁት ሲሆን ስፋቱ ወደ 7,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አብዛኛው ቀይና ነጭ ድንጋይ፣ በውሃ ተቆርጦ የተሰነጠቀ ሸለቆ፣ ሰው የማይኖርበት ምድር ነው። አንዳንዱ ሸለቆ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት እጅህን ዘርግተህ ሁለቱንም ግድግዳ ትነካለህ፤ ቀና ስትል ደግሞ ሰማዩ እንደ ክር ቀጥኖ ይታይሃል።

ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር አጋማሽ ነበር። ቅዳሜ ፈጅር ሰግደን ተነሣን። ለሁለት ሌሊት አስበን የያዝነው ይኸው ነው፦ ሁለት ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሩዝ፣ ቡናና ጀበና፣ እንዲሁም ሃያ ሃያ ሊትር የሚይዙ አራት ጀሪካን ውሃ። በበረሃ ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን ወደ አራት ሊትር ያስፈልጋል ስለሚባል ያንን አስልተን ትርፍ ጨመርንበት። መንገድ ከመጀመራችን በፊት እንደ ሱናው ታላቃችንን አሚር አደረግነው። «በእኔ ላይ ከተስማማችሁ ቃሌን ስሙ» አለ። እሺ አልን። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ከአምስት ሰዓት ገደማ መንዳት በኋላ ኤስካላንቴ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ደረስን። እዚያ ካለው የጎብኚዎች ቢሮ ገብተን ስማችንን፣ ብዛታችንንና የምንቆይበትን ቀን ጽፈን የማደሪያ ፈቃድ ወሰድን። እርሱም ያለ ክፍያ ነው። ጠረጴዛው አጠገብ የዕለቱ የደራሽ ጎርፍ ትንበያ ተለጥፎ ነበር። «ሊኖር ይችላል» ይላል። ሠራተኛዋ በጣቷ አሳየችን። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። ውጭ ስንወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ጎርፍ ከየት ሊመጣ?

ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘልቅ ያልተነጠፈ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1879 እና 1880 የሞርሞን ሰፋሪዎች ጋሪያቸውን እየጎተቱ ያለፉበት መንገድ ነው። መኪናዋ ጥርሳችንን እያንቀጫቀጨች ሄደች። የስልክ ኔትወርክ ጠፋ። ከመንገዱ ዳር ከፍ ያለ ጠጠራማ ቦታ ላይ አቆምናትና ዕቃችንን ተሸክመን ወደ አንድ ሸለቆ ወረድን።

ውስጡን ስናየው አፋችንን ከፍተን ቀረን። ግድግዳው እንደ ጨርቅ የተጣጠፈ ቀይ ድንጋይ ነው። ወለሉ ሜዳ፣ አሸዋው ደቃቅ፣ ለስላሳ፣ ምንም ድንጋይ የሌለበት። ጫማችንን አውልቀን ሄድንበት። «ወላሂ ፍራሽ አያስፈልግም!» አለ የጅማው። ድንኳኖቹን እዚያው አሸዋው ላይ ተከልን።

የድሬው ልጅ ግን ድንኳን አልተከለም። ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ከጎን ወዳለ የድንጋይ ደረት ወጣ፤ ከወለሉ አራት የሰው ቁመት ያህል ከፍ ያለ፣ የማይመች፣ ጎርባጣ ቦታ ነው።

«ምነው? ጂን ታየህ እንዴ?» አልነው።

«አሸዋ ላይ አልተኛም» አለ።

«አንተ አይደለህ እኔ የበረሃ ልጅ ነኝ የምትለው?»

«አቦ ተዉኝ፤ የበረሃ ልጅ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ዝም አለ። የድሬ ልጅ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እርሱ ሲቀልድ እንጂ ሲኮሳተር አይተነው አናውቅም። ስለዚህ ቀልድ መሰለን፤ ሳቅን።

ያ ቀን ግሩም ነበር። ሶላት ሲደርስ ከመካከላችን አንዱ ተየሙም ለማድረግ ቸኮለ። «አፈር ሞልቷል፣ ውሃው ለመጠጥ ይሁን» አለ። ታላቃችን «ውሃ እያለን? የሚበቃን አለ» ብሎ እያንዳንዳችን በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውዱእ እንድናደርግ አዘዘ። ነቢያችን ﷺ በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተጋጥሞ በሚይዘው ልክ፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ማወቁን እናውቃለን። ቤታችን ግን ቧንቧውን ከፍተን ፊታችንን እየታጠብን ወሬ እናወራለን። በዚያች ጠርሙስ ስንታጠብ ውሃው ተረፈ። እርስ በርስ ተያየን።

ሲመሽ ደግሞ ቂብላን በኮከብ ለማረጋገጥ ተወራረድን። ዩታ ላይ ሆኖ ቂብላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ምድር ድቡልቡል ስለሆነች ከዚህ ወደ መካ የሚወስደው አጭሩ መስመር በሰሜን በኩል ይዞራል። የሰሜን ኮከብን ፈልገን አገኘነው። እዚህ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። አገር ቤት ግን ዝቅ ብሎ አድማሱን ተጠግቶ ስለሆነ የሚወጣው ተራራ ወይም ቤት ይሸፍነዋል። ከእርሱ ትንሽ ወደ ቀኝ ዞረን መግሪብና ዒሻን አጣምረን ሰገድን። አንዳችን አዛን ሲያደርግ ግድግዳው ድምፁን ተቀብሎ መለሰው። ከዚያ ጀርባችንን አሸዋው ላይ አሳርፈን ሰማዩን አየን። ወንድሞች፣ እንዲህ ያለ ሰማይ መኖሩን ረስተን ነበር። ፍኖተ ሐሊብ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። ማንም ስልኩን አላወጣም።

በሰላም አነጋን። ጠዋት ድሬውን «ጎርፉ እንዴት ነበር?» ብለን ቀለድንበት። ጎኑን ድንጋይ ጎርብጦት ሲያሽ ነበር። ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰም።

እሑድ ሸለቆውን እየተከተልን ወደ ውስጥ ሄድን። ድሬው ከፊት ሆኖ መሬቱን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ ይሄድ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆመና ወደ ላይ ጠቆመን። ከራሳችን በላይ፣ በሁለት ግድግዳዎች መካከል፣ አንድ ወፍራም የዛፍ ግንድ ተሰንቅሮ ቀርቷል።

«ይህን ግንድ እዚያ ላይ ማን ሰቀለው?» አለ።

መልስ አልነበረንም። መልስ የሌለው ሰው ደግሞ ይስቃል። ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ እጅግ ሩቅ ካለው አምባ በላይ፣ ጥቁር ደመና ቆመ። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው። ላባችን ይወርዳል። ድሬው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምግብ አልበላም። ሲመሽ መጣና «ዛሬ ሁላችሁም ላይ ውጡ» አለ። እንቢ አልን። ሄዶ ተመለሰና ደገመው። ከደሴዎቹ አንዱ ድንኳኑ ውስጥ ተጋድሞ ነበር፤ ወሬውን ለመቁረጥ «ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ተወኩል ይኑርህ። አላህ የጻፈው ነው የሚሆነው» አለው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አልተናገረም። ዝም ብሎ የድንኳኑን ካስማ ይነቅል ጀመር። ተቆጣን። ተነሥተን እጁን ያዝነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ ታላቃችን ተነሣ። «አምናችሁበትም ባታምኑበትም ስለ ወንድማችሁ ስትሉ ውጡ። አሚር አላችሁኝ አይደል? ይኸው ቃሌ» አለ። እያጉረመረምን ድንኳናችንን ጎትተን ወጣን። ጨለማ ስለነበር ምድጃውን፣ አንዱን ጀሪካንና ሁለት ጥንድ ጫማ እዚያው ተውናቸው። ጠዋት እንወስዳቸዋለን አልን።

ፈጅር ሊገባ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ድሬው ቀሰቀሰን። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የረጠበ አፈር ሽታ። እኛ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ ከዋክብቱ እንዳሉ ናቸው። ቀጥሎ ነፋስ መጣ። ቀጥሎ ድምፅ፦ ብዙ የጭነት መኪና ተከታትሎ አቀበት የሚወጣ የሚመስል ድምፅ። ባትሪያችንን ወደ ታች አበራን። ለትንሽ ጊዜ አሸዋው ነጭ ሆኖ ታየ። ከዚያ ከመታጠፊያው በኩል ቅርንጫፍና ግንድ የሚገፋ ቡናማ ነገር ብቅ አለ። ውሃ አይመስልም ነበር። የሚንቀሳቀስ መሬት ይመስል ነበር። ድንኳናችን የነበረበትን ቦታ ምን ያህል በፍጥነት እንደሸፈነው መናገር አንችልም። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ከማለት በቀር ማናችንም የተናገርነው ነገር የለም። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የቆምንበት ደረት በእግራችን ሥር ይሰማን ነበር።

ፈጅርን እዚያው ድንጋዩ ላይ ተጠጋግተን ሰገድን። ታላቃችን ሲያሰግድ ድምፁ ተቆረጠ። ከሶላት በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ድሬው ተናገረ።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ድሬዳዋ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ደቻቱ ድሬን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ያነጥፍበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ያን ሌሊት ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ተጠራቅሞ ወረደና የተኛችውን ከተማ መታ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለ ድሬው። «ቀን ከታናሽ ወንድሜ ጋር እዚያው አሸዋ ላይ ስንጫወት ዋልን። ለስላሳ ነበር። ሌሊት እኔን አጎቴ ጎትቶ አወጣኝ። ወንድሜን የደረሰበት የለም። ስድስት ዓመቱ ነበር።» ትንሽ ቆየና «ትናንትና ማታ ልነግራችሁ ፈልጌ ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ። ለዚያ ነው ካስማውን የነቀልኩት» አለ።

ከእርሱ ጋር ስድስት ዓመት ኖረናል። አብረን በልተናል፣ አብረን ኢድ ሰግደናል። ወንድም እንደነበረው አናውቅም ነበር። «ተወኩል ይኑርህ» ያለው ልጅ ተነሥቶ ጉልበቱ ሥር ተቀመጠና «አፉ በለኝ» አለው። «አፉ ብያለሁ፤ አፉ ብያለሁ» አለ ድሬው፤ ከዚያ ሁላችንም አለቀስን።

ፀሐይ ስትወጣ ወረድን። ምድጃው የለም። ጀሪካኑ የለም። ጫማዎቹ የሉም። አሸዋው ራሱ ሌላ አሸዋ ነው። መኪናችን ደህና ነበረች፤ ነገር ግን ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ጎርፉ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደኋላ ቆርጦታል፤ የቀረው ደግሞ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ጭቃ ሆኗል። ስልክ የለም። ሰኞ ነው፤ ሦስታችን ሥራ ገቢዎች ነበርን። የቀረን ውሃ አንድ ጀሪካን ነው፤ ለአምስት ሰው የአንድ ቀን ማለት ነው።

ከመንገዱ ዳር ሌሎችም ተይዘው ነበር፤ በአሮጌ ፒክአፕ የመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት። እኛን ሲያዩ ሽማግሌው መጀመሪያ ያሉት «ሁላችሁም አላችሁ?» ነው። ቁጥራችንን ቆጠሩ። ከዚያም በጭቃው ለመንዳት እንዳንሞክር፣ ፀሐይ አንድ ቀን ከመታችው እንደሚደርቅ ነገሩን። ምድጃቸውን አዋሱን፤ እኛም ቡና አፈላንላቸው። ሴትየዋ ስንሰግድ አይታ ኖሮ «እኛም ስትሰግዱ ዝም አልን» አለች። ሌላ ብዙ ወሬ አልነበረም። ቡናው ግን ሦስቴ ተቀዳ።

ለውዱእ ደግሞ መላ ተገኘ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ በድንጋይ ጉድጓዶች ውስጥ ቀይ ውሃ ተጠራቅሞ ቀርቷል። ታላቃችን «አፈር የቀላቀለው ውሃ ጠሁር እንደሆነ ነው» አለ። በድስት ቀድተን አዘቀጥነውና በዚያ ውዱእ አደረግን፤ ንጹሑን ለመጠጥ አስቀረን። ትናንት በጠርሙስ ስንለካው የነበረው ውሃ ሌሊት ሊወስደን መጣ፤ ጠዋት ደግሞ እጃችንን ልናጥብበት በድስት ቀዳነው። ሱብሐነላህ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ደርቆ፣ የተቆረጠውን በአካፋ ሞልተን፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተከትለን ወጣን። አንዳችን ከሥራው ተባረረ። አልሐምዱሊላህ፣ ሌላ አግኝቷል።

ከተመለስን በኋላ አነበብን። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1997 በአሪዞና፣ አንቴሎፕ በሚባለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ 11 ጎብኚዎች በደራሽ ጎርፍ ሞተዋል፤ ዝናቡ የዘነበው ከእነርሱ ብዙ ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ደግሞ እዚያው ዩታ፣ ዛየን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሰባት ሰዎች በአንድ ሸለቆ አልቀዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባዶ ድንጋይ ውሃ አይመጥም። በሰፊ አምባ ላይ የወረደው ሁሉ ወደ አንዲት ጠባብ ስንጥቅ ይሰበሰባል። አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ያ ለስላሳ አሸዋ ለስላሳ የሆነው ጎርፍ ደጋግሞ ስለፈጨውና ስላነጠፈው ነው። አልጋችን ብለን የመረጥነው የእርሱን መንገድ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ዩታን አታዩትም ይሆናል። ደረቅ ወንዝ ግን አገራችን ሞልቷል። ድሬ፣ ጅግጅጋ፣ አፋር፣ የራያ ቆላ፣ የሸዋ ሮቢት አካባቢ የኖረ ያውቀዋል። ዛሬ ወጣቱ በጀመዓ ተሰብስቦ መውጣት፣ ማደር፣ ተፈጥሮን ማየት ጀምሯል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ቀጥሉበት። ከእኛ ስሕተት ግን ይህን ውሰዱ።

አንደኛ፣ በደረቅ ወንዝ ውስጥ አትተኙ፣ መኪናም አታቁሙ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም። የሚያሰጋችሁ በላያችሁ ያለው ሰማይ ብቻ ሳይሆን በወንዙ ራስጌ ያለው ሰማይ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ግድግዳውንና ዛፉን ተመልከቱ፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ግንድ፣ በዛፍ ላይ የተጠመጠመ ሣር፣ የጭቃ መስመር ካያችሁ ውሃው እስከዚያ ደርሶ ያውቃል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በረሃ ባዶ አይደለም። በዚያ በሄድንበት ምድር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖሩ ነባር ሕዝቦች በድንጋይ ላይ የሣሉት ሥዕልና የእህል ጎተራቸው ዛሬም አለ፤ በእጅ አይነካም። እኛ አገር ደግሞ ባለቤቱ በሕይወት አለ። አፋርና ሶማሌ ምድር ላይ ሜዳ የመሰለህ የአንድ ጎሣ የግጦሽ ቦታ ነው። ድንኳን ከመትከልህ በፊት ሽማግሌውን ፈልግ፣ ሰላም በል፣ ፈቃድ ጠይቅ። የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚቆጣም የሚነግርህ እርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ያመጣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። መጸዳጃ በሌለበት ከውሃ ቢያንስ ስልሳ ሜትር ርቃችሁ፣ ስንዝር ያህል ጥልቀት ቆፍራችሁ ቅበሩ፤ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ በከረጢት ይዞ መውጣት ግድ ነው። ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። በሰው መንገድ፣ በጥላና በውሃ ዳር መጸዳዳት እንደማይገባ ከልጅነታችን ተምረናል።

አራተኛውና ለእኛ ትልቁ፣ ተወኩልን የሰውን አፍ መዝጊያ አታድርጉት። ግመልን አስሮ ነው በአላህ መመካት። ያ «ተወኩል ይኑርህ» የተባለው ልጅ ከሁላችን ይልቅ ተወኩል የነበረው እርሱ ነው፤ ሰበቡን አደረሰ። ከመካከላችሁ አንዱ ያለ ምክንያት የፈራ ሲመስላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቁት። መናገር ካቃተው ደግሞ ስለ እርሱ ስትሉ ብቻ ተነሡ። እኛ ዛሬ በሕይወት ያለነው ስላመንነው አይደለም። ለወንድማችን ክብር ስንል እያጉረመረምን ስለወጣን ነው፤ እርሱንም ያስደረገን አላህ ነው።

በቀጣዩ ጸደይ ተመልሰን ሄድን፤ ወደዚያው ምድር፣ አምስታችንም። የማደሪያውን ቦታ የሚመርጠው አሁን ድሬው ነው። ይመርጣል፣ እኛ ጓዛችንን ይዘን እንከተላለን፤ ማንም ስለ ጎርባጣው ድንጋይ አይናገርም። ማታ ከሶላት በኋላ ስለ ወንድሙ ያወራናል። ኳስ ሲመታ በግራ እግሩ እንደነበር፣ ሲስቅ ጥርሱ ወላቃ እንደነበር ነግሮናል። እኛም ስሙን በዱዓችን እንጠራለን።

በዚያ ሌሊት ደቻቱ ለወሰዳቸው ሁሉ አላህ ይዘንላቸው፤ በጎርፍ የሞተን ሙስሊም ሁሉ ከሹሀዳ ይቁጠርልን። የቀሩትን ቤተሰቦች ልብ ይጠግን። እናንተንም በመንገዳችሁ ይጠብቃችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።